ሰባ አንድ ኪሎ

ሰኞ፣ ጥር 6

ባለቤቴ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልጃችን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ኪሎዋ ስላነሰ አዋላጅ ነርሷ ብዙ ሳትንቀሳቀስ ሰው አጠገቧ ሆኖ ይጠብቃት ብላለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤቱን ቢያይ ነው። ስለዚህ እናቷ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እኔ ሱቁን ዘግቼ መሄድ አልችልም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ና ያለኝም የለም።

ይህ ደብተር የሱቁ የጥገና መዝገብ ነው። ከፊት በኩል የማን ሚዛን መጣ፣ ምን ሆኖ ነበር፣ ምን ተደረገለት እያልኩ እጽፍበታለሁ። ከኋላ በኩል ባዶ ነው። ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ስለጠፋ ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ልጽፍበት ነው።

ጠዋት ከመለኪያ መሥሪያ ቤት መጥተው የሚዛን ድንጋዮቼን ወሰዱ። ድንጋይ ይባላሉ እንጂ ብረት ናቸው፤ አራት ባለ ሃያ ኪሎ። በየዓመቱ ትክክል መሆናቸው ይመረመራል። በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ አሉኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እስከዚያ በምን ትሠራለህ ብሎ ሲጠይቀኝ ደረቴን መታሁለት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባ አንድ ኪሎ ነኝ። በክረምትም በበጋም፣ በድግስ ማግስትም። ላዩ ላይ ስቆም መርፌው ሰባ አንድ ካላለ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። ገበያው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ጋሼ ሰባ አንድ ነው የሚለኝ።

ማታ ድንች ቀቀልኩ። ለሁለት ሰው ነው የቀቀልኩት፤ እጅ የለመደውን ይሠራል።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ባለቤቴ ደወለች። ልጅቷ ባለፈው ጤና ጣቢያ ስትመዘን ሃምሳ ሦስት ኪሎ ነበረች። በዚህ ወሯ ስልሳ መጠጋት ነበረባት። አዋላጇ ቁርጡን ተናግራለች፤ ከሃምሳ ሁለት በታች ከወረደች ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ትተኛለች፣ ለእሷም ለፅንሱም ያሰጋል። ጤና ጣቢያው ግን ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። በየሳምንቱ እየተንገጫገጨች እንዳትሄድ ተከልክላለች።

ታዲያ ለምን አትበላም አልኩ። አምና የወጣባትን ፅንስ ታስባለች አለችኝ። ስታስብ እህል አልወርድ ይላታል፤ ሳትበላ ስትቀር ደግሞ ልጄን ጎዳሁት ብላ ትጨነቃለች፤ ስትጨነቅ የዋጠችውም ይመለሳል። ሰው እንዴት በሐሳብ ብቻ እንዲህ ይሆናል አልኩ። ባለቤቴ አንተስ በላህ ወይ አለችኝ። በላሁ አልኳት። ዳቦ ነበር፤ ግማሹን በልቻለሁ።

ከኋላዋ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ። ማነው አለች። አባትሽ ነው አለቻት። በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ድምፅዋን ከሰማሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። አንዲት ቃል ናት፤ ያውም ለእኔ የተባለች አይደለችም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ አስቀምጬው ቆየሁ።

ሰኞ፣ ጥር 13

የሱቁ የወለል ሚዛን ላይ ቆምኩ። ስልሳ ዘጠኝ። ሁለት ኪሎ ጎደለው። ከፈትኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ውስጡ ያለው ሞላ ላላ ያለ መሰለኝ። ብሎኑን በካቻቪቴ አዞርኩት፤ ሰባ አንድ አለ። ዕቃም እንደ ሰው ይደክመዋል።

የባለወፍጮውን አየሁ። የሽንኩርት አከፋፋዩንም። የሁለቱም ሁለት ኪሎ ሰንፏል። ዘንድሮ የገበያው ሚዛን ሁሉ ተማክሮ ነው የሰነፈው። አስተካከልኩ።

ምሳ ሳልበላ መሸ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ማታ ገበታ ላይ ስቀመጥ ወንበሯን አያለሁ። ባለቤቴ ስትበላ ታወራለች፤ አፏ ሞልቶም ታወራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ዋጪ፣ ከዚያ አውሪ ስላት ኖሬ፣ አሁን ያ ወሬ ሲጠፋ እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ፎጣዋ ከበሩ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። ከደረቀ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ አላነሳሁትም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡት አስተማሪዋ ሾርባ በድስት ይዘውልኝ መጡ። ልጄ፣ ጉንጭህ የት ሄደ አሉኝ። ተላጭቼ ነው አልኳቸው። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀመስኩላቸው፣ የቀረውን ለግቢው ውሻ ሰጠሁት። ድስቱን አጥቤ ስመልስ በጣም ይጥማል አልኳቸው። ለነገሩ ውሻው ጠርጎ ነው የላሰው፣ ስለዚህ አልዋሸሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ሚዛን ልልክላት ነው። ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ነው የታየኝ። እሷ ወደ ሚዛኑ መሄድ ካልቻለች ሚዛኑ ወደ እሷ ይሂድ። እናቷ በየቅዳሜው ትመዝናታለች፣ ለአዋላጇም በስልክ ትነግራታለች። የስንቱን ሰው ሚዛን እያስተካከልኩ የራሴን ልጅ መርሳቴ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏት ሴትዮ ሆኜ ነበር።

አንድ ደንበኛ ትቶት የቀረ ደህና የመቆሚያ ሚዛን ነበረኝ። ሙሉ ቀን ሠራሁት። የሥሩን ጎማ ቀየርኩ፣ መስተዋቱን አጸዳሁ፣ መርፌውን ቀይ ቀባሁት። ልጅ ሆና ቀይ ትወድ ነበር። ከዚያ በፊት የወለሉን ሚዛን ስፈትሽ እንደገና አንድ ኪሎ ተኩል ጎድሎ አገኘሁት። ያ ሞላ ጨርሶ አርጅቷል፤ ብሎኑን አዙሬ ወደ ሰባ አንድ መለስኩት። በመጨረሻ ጫማዬን አውልቄ የእሷ ላይ ቆምኩ። ብሎኑን በጥፍር እንደሚነካ ሰው ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ሰባ አንድ ላይ ልክ አለ። በሕይወቴ እንደዚህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሚዛን የለም።

ልብስ ሰፊው ካርቶኑን ሲያስርልኝ ቀበቶዬን አየና ይሄን አዲስ ቀዳዳ አንተ ነህ የበሳኸው አለኝ። ቆዳ ይለጠጣል አልኩት። ልለካህ አለና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሥራህን ሥራ አልኩት። እሱ ሰው ሁሉ በሜትር የሚለካ ይመስለዋል።

ካርቶኑን ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠሁ። እንደ እንቁላል ያዘው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ሃምሳ ስድስት ኪሎ!

ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ሦስት ኪሎ ጨምራለች። አዋላጇ በስልክ ስትሰማ እልል ማለት ነው የቀራት አለችኝ። መሬቱ አልበቃኝም። ሮጬ ወጥቼ ለልብስ ሰፊው ነገርኩት፣ ለአስተማሪዋ ነገርኩ፣ ለማላውቀው ሰውዬም ነገርኩት።

ሚዛኑን አይታ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። ምንም አላለችም አለችኝ ባለቤቴ፣ ካልተመዘነች በቀር ጨርቅ ታለብሰዋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከስንቱ ዕቃ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለእሷ ሚዛን ይላካል?» አለችኝ።

ታዲያ ሌላ ምን አውቃለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 3

ትናንትም ሃምሳ ስድስት። ጥሩ ነው። አልጨመረችም፣ ግን ጥሩ ነው።

ሱቅ ዝግ ነው። ዝናቡም አላቆመም። እናቷ ስለ ሚዛኑ ያለችኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከተለኝ ከረመ፤ ከጻፍኩት ይተወኝ ይሆናል።

ልጄ ድቡልቡል ያለች ልጅ ነበረች፣ ሲያቅፏት እጅ የምትሞላ። በየልደቷ ሱቅ ወስጄ ሚዛኑ ላይ አቆማት ነበር። ደንበኛው ከቦ ያያል፣ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ እሷም ትፍነከነካለች። ኩንታል ነበር የምላት። ከእኔ አፍ ሲወጣ ፍቅር ነበር። የሰፈሩ ልጆች አፍ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዐሥራ አራት ዓመት ስትሞላ ቁጥሩን ጠርቼ ሳልጨርስ ከሚዛኑ ወረደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚዛኔ ላይ ቆማ አላየኋትም፤ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ጠግባ ስትነሳም አላየሁ። እኔ ደግሞ ነገሩ ገብቶኝ ዝም አልልም፤ አሁን እኮ ሩብ ኩንታል ቀረሽ እያልኩ እቀልድ ነበር። እናቷ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች።

አምና ፅንሱ ሲወጣባት ደወልኩላት። ላጽናናት ነው የደወልኩት። የምለው ሲጠፋኝ «በደንብ ብትበይ ኖሮ» አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ዝም ያለችኝ።

ለሰው ሁሉ ኪሎ እየለካሁ ለአፌ ልክ አጣሁለት። ናፈቀችኝ። እናቷም ናፈቀችኝ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የራሴ ማንኪያ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ብዙ አልተሰማም።

ሰኞ፣ የካቲት 4

የወለሉ ሚዛን ሁለት ኪሎ ጎድሏል። እንደገና! ብሎኑ ሊያልቅ ነው። መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ መርማሪው ታሟል፣ ድንጋዮቹ ሳምንት ይመጣሉ አሉ። ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያሉት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ባለወፍጮው መጣ። ደንበኞቹ ዱቄቱን ቤታቸው ሲመዝኑት እያነሰባቸው ነው፣ ሌባ አደረጉኝ አለ። የሽንኩርት አከፋፋዩም ቅሬታ አለው። የደንበኞቻችሁን የቤት ሚዛን ማን አስተካከለው አልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ማንም እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። ባለወፍጮው ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አየኝና ጋሼ፣ አመመህ እንዴ አለኝ። ገበያው ሁሉ ሐኪም ሆኗል።

ተናድጄ ነው መሰለኝ ምሳው አላሰኘኝም። ሻይ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሃምሳ አምስት ተኩል። ግማሽ ኪሎ ምንም አይደለም፣ ውሃም ሊሆን ይችላል። አዋላጇም አትስጉ ብላለች። እኔም አልሰጋሁም። አራቴ ደወልኩ።

አራተኛው ላይ ባለቤቴ አሁን ትተኛበት፣ አንተም ተኛ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

አስተማሪዋ ዛሬ ድስት ሳይሆን ራሳቸው መጡ። ሳህን አቀረቡና ሲበላ አያለሁ ብለው ተቀመጡ። እንቁላል ነበር። ሦስት ጊዜ ጎረስኩ። ከዚያ በላይ አፌ እሬት እሬት አለኝ። አስተማሪዋ ባላቸው የሞቱ ጊዜ ለአንድ ዓመት የእህል ጣዕም ጠፍቶባቸው እንደነበር ነገሩኝ። በእኔ ቤት ማንም አልሞተም አልኳቸው። እሱስ እውነት ነው፣ ግን አንተ ዘወትር ስልክ ታያለህ አሉኝ።

ሲሄዱ ስልኬን አየሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሃምሳ አምስት። ከሃምሳ ሁለት ሩቅ ነው። ሦስት ሙሉ ኪሎ ይርቃል። ሩቅ ነው።

እናቷ ግን ዛሬ አንድ ነገር አለች። ልጅቷን ስታጥባት ጀርባዋ ላይ አጥንቷን በጣቷ ቆጠረችው። ሚዛኑ ደህና ነው ይላል፣ እጄ ግን ሌላ ይለኛል አለችኝ። ሚዛን አይዋሽም አልኳት። እጅ ነው የሚዋሸው፤ እናት ስትሆኚ ደግሞ ይብሳል። እሷም አንተ ታውቃለህ አለች።

በድምፅዋ ውስጥ ማመኗን መስማቴ ደስ አለኝ። ብዙ ጊዜ አታምነኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 18

አንድ ኪሎ ተኩል። ብሎኑ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ደረሰ። አዲስ ሞላ ማዘዝ አለብኝ።

ሱሪዬ በገመድ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ሃምሳ አራት ተኩል። አዋላጇ መውረዱን አልወደድኩትም፣ ግን ገና አያሰጋም አለች። ሐሙስ መጥታ ታያታለች። ደህና ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ይቀራል።

ዛሬ ስልኩን ለልጄ ስጪልኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ ሲዘጋ እንዳልሰማ ፈርቼ ተውኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ድንጋዮቹ መጡ። አራቱንም የወለሉ ሚዛን ላይ ደረደርኩ። ሰማንያ ማለት አለበት። ሰማንያ ዘጠኝ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ጮህኩባቸው። ከሰማንያ ኪሎ ብረት ላይ ዘጠኝ ኪሎ ጨምራችሁ መለሳችሁልኝ አልኳቸው። ስልኩን ያነሳው ሰው ረጋ ብሎ፣ ብረት አይወፍርም ጌታዬ አለኝ።

አንዱን ድንጋይ ተሸክሜ መንገድ ማዶ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። እዚያ ያለው በባትሪ የሚሠራ አዲስ ሚዛን ነው፤ እጄን አስነክቼው አላውቅም፣ ስንቀው ነው የኖርኩት። ድንጋዩን አስቀመጥኩበት። ሃያ። አንስቼ መለስኩት። ሃያ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ ታየኛለች። ድንጋዩን አነሳሁና ራሴ ወጣሁበት። ስልሳ አራት አለ።

ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። ልጅቷ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። «ጋሼ ሰባ አንድ፣ ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። አይ፣ ልክ ነው አልኳት።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ሱቅ ተመልሼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሞላው ላላ፣ ሞላው ደከመ፣ ሞላው አረጀ። ሁለት ኪሎ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል። ደመርኩት፤ ሰባት ኪሎ። ሞላው ምንም አልሆነም። የደከመውስ እኔ ነኝ። እኔ በቀነስኩ ቁጥር ሚዛኑን ወደ ላይ እየገፋሁ፣ ገበያውን በሙሉ ከክሳቴ ጋር አስተካከልኩት።

ይሄ ሁሉ እያለ ዓይኔ ጥር 22 ላይ ሲያርፍ ነው ብርድ የገባኝ። ቀይ መርፌ ያለው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም ብዬ የጻፍኩበት። ያን ቀን ሦስት ኪሎ ተኩል ቀንሼ ነበር፤ ሰባ አንድ ብሎ ያሳየው ስልሳ ሰባት ተኩል የሆነን ሰው ነው። ልጄ ሦስት ኪሎ ጨመረች ብለን የጨፈርንበት ሦስት ኪሎ የእኔ ነው። አሰላሁት። ሃምሳ አራት ተኩል የሚለው በእውነቱ ሃምሳ ሁለት አይሞላም።

ደወልኩ። ነገርኳት። ሳላስተባብል ነገርኳት፤ አልበላም ነበር፣ ከስቼ ነበር፣ በከሳው ሰውነቴ ነው ሚዛኗን የሠራሁት። እጅሽ ልክ ነበር አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁኑኑ ለአዋላጇ እደውላለሁ» አለችኝ። ከዚያ «ና» አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 27። አውቶቡስ ውስጥ።

ሁለት ድንጋይ በሽንኩርት ማዳበሪያ ጠቅልዬ ይዣለሁ። አርባ ኪሎ። እግሬ ሥር ናቸው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ለልጄ ነው አልኳት።

አዋላጇ መኪና ያገኘችው ለነገ ጠዋት ነው፣ ለእኔም አውቶቡስ የተገኘው ዛሬ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ለሆስፒታሉ ወረቀት ዛሬውኑ ያስፈልጋታል። ሱቁን ለልብስ ሰፊው ትቻለሁ። በሩ ላይ «የወለል ሚዛን ያላችሁ እስክመለስ አትመዝኑበት» ብሎ እንዲጽፍልኝ ነግሬዋለሁ። አላሾፈም። መንገድ ላይ የምበላው ዳቦ ኪሴ ከተተልኝ። ግማሹን በላሁ። አሁን ደግሞ የቀረውን እሞክራለሁ።

ረቡዕ፣ ምሽት

ቤታቸው ትንሽ ነው፣ ሁለት ክፍል። ልጄ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሆዷ ብቻ ነው የሚታየው፤ ፊቷ ዓይን ብቻ ሆኗል። ስታየኝ መጀመሪያ ያየችው ልብሴን ነው፣ ከዚያ አንገቴን። ሰላም ያለችኝ በአንገቷ ነው። ሥራ ስለነበረኝ ማዳበሪያዬን ፈታሁ።

ሚዛኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሷል። ገለጥኩት፣ ሁለቱን ድንጋይ ጫንኩበት። አርባ መሆን ያለበት አርባ ሁለት አለ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብሎኑን ወደ ኋላ መለስኩት፤ አርባ።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረግኩ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቁጥሩ ለእኔ አይታየኝም፣ ለእሷ ግን ካልጋዋ ይታያታል።

«አንብቢልኝ» አልኳት። «ጮክ ብለሽ። እናትሽም ጎረቤትም ይስማ።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀና ብላ ነው። አንድ ጊዜ እንኳን ብትጮህብኝ፣ እኔ በየልደቷ እጮህ እንደነበረው ብትጠራው፣ ይገባኛል ብዬ ቆሜያለሁ።

እሷ ግን አልጮኸችም። ጎረቤት ይቅርና እናቷ በማትሰማው ድምፅ፣ «ስልሳ አራት» አለች። ቀጥላ፣ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እህል አልወርድ አለኝ» አልኳት።

«እኔንም እኮ» አለችኝ።

ዞር ስል እያለቀሰች ነበር። እኔም። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አምና ስለተናገርኩት ነገር ይቅር በይኝ አልኳት፣ ስለ ኩንታልም። እጄን ያዘችኝ፤ የሁለታችንም እጅ አጥንት ብቻ ነው። ከዚያ እናቷ ትመዝናት ብዬ ወጣሁ። ደጅ በረንዳው ላይ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ወጥታ ትከሻዬን ያዝ አድርጋኝ፣ ሃምሳ ሁለት አይሞላም፣ ለአዋላጇ ነግሬያታለሁ አለችኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሆስፒታል ከተኛች ሳምንቷ። ሐኪሙ ቶሎ መምጣታችሁ ጠቀመ አለ። ቶሎ አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ። የፅንሱ የልብ ምት ደህና ነው።

ለምግብ ሰዓት ሥርዓት አበጅተናል። እሷ ካልጎረሰች እኔ አልጎርስም፣ እኔ ካልጎረስኩ እሷ አትጎርስም። እናቷ መሐል ተቀምጣ ታወራለች፣ አፏ ሞልቶ። ዋጪና አውሪ አላልኳትም። ዛሬ ሩዝና ካሮት ነበር፤ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ሦስት ማንኪያ አይሞላም። ልጄ የአንተ ድርሻ ነው አለችኝ፣ እኔም የአንቺ ነው አልኳት፤ በመጨረሻ እናቷ በላችው።

ነርሷ በየቀኑ ትመዝናታለች። ያን ጊዜ ኮሪደር እወጣለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ለሁለት ቀን ብዬ ወደ ሱቄ መጥቼ ድንጋዮቹን እየያዝኩ ገበያውን ዞርኩ። እያንዳንዱን የወለል ሚዛን ወደ ልኩ መለስኩ፣ እያንዳንዱን ሰው ይቅርታ ጠየቅኩ። ባለወፍጮው ይቆጣል ብዬ ነበር። አንተ ስትከሳ ዱቄቴ ወፈረ ማለት ነዋ አለና ሳቀ፤ የራበው ደንበኛው እንጂ እሱ አይደለም። ለደንበኞቹ የጎደለውን እንዲሞላላቸው አስማልኩት። ሽንኩርት አከፋፋዩ ግን እስካሁን አያናግረኝም።

ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ የባትሪው ሚዛን ጥሩ ዕቃ ነው አልኳት። ለዚህ ቃል ሦስት ዓመት ጠብቃለች።

አስተማሪዋ ሾርባ አመጡ። ራሴ በላሁት። ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ንጋት ላይ በቀዶ ሕክምና ተወለደች። ሴት ናት። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ሹፌሩ መኪናውን የት እንዳቆመው እንጃ፣ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠ ነው የደረሰው።

ነርሷ ወጥታ አባት ማነው፣ ኪሎዋ ስትል ጆሮዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ሹፌሩ ግራ ገባው።

በኋላ ልጄ ጠራችኝ። ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይህ እጅ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሲያነሳ ኖሯል፤ ስኳርም ሆነ ምስማር፣ ከመቶ ግራም በላይ ስቶ አያውቅም። ልጄም ይህን ታውቃለች። ትራሷ ላይ ሆና አየችኝ፣ የልጅነት ፈገግታዋ ትንሽ ብቅ አለ።

«እሺ፣ አባዬ። ስንት ትሆናለች?»

ሕፃኗን አየኋት። እጄ ያውቃል። አፌ ላይም ደርሷል።

«አላውቅም» አልኳት።

ልጄ ሳቀች፣ ስትስቅ የተሰፋው አመማትና ሆዷን ያዘች። እናቷ ምሳ ይዛ ገባች፣ እጃችንን ታጥበን በላን።